ዝናብ የሌለበት ጫካ፦ ከአሽቀሎን ወደ ዓይን ጌዲ የአንድ ቀን ጉዞ



ከፔሳሕ በዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አሥራ አንድ ቤተሰቦች ሆነን ከአሽቀሎን ወደ ዓይን ጌዲ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አድርገን ነበር። አብዛኞቹ ተጓዦች ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ «ጹር ይስራኤል» በተባለው ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የገቡ ናቸው። በዚህ አገር የሚያውቁት መንገድ ከመርከዝ ክሊታ ወደ ኡልፓን፣ ከኡልፓን ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ከዚያም ወደ ሱፐር የሚወስደውን ነው። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ደግሞ ልጆቻችን የከተማቸውን ሰማይ በስጋት ማየት ለምደዋል። ስለዚህ «አንድ ቀን እንኳ ወጣ ብለን አገሩን እንይ» አልን።

ስለ ጉዞው እንድጽፍ ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብኩት የቦታውን ነገር ብቻ ለመንገር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከሁሉ ይበልጥ የተማርኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ያንንም ጨምሬ እጽፋለሁ።

ከመነሳታችን በፊት

እኔ በዕብራይስጥ «ኦቬዴት ሶሲያሊት» የሚሏት የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ነኝ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ እናቴ አዝላኝ መጣች፤ ያደግሁትም የተማርኩትም እዚሁ ነው። በሥራዬ ዘወትር የማየው አንድ ችግር አለ። ልጆች ዕብራይስጡን ቶሎ ይይዙታል፤ ወላጆች ግን ዓመታት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአባቱ በባንክ፣ በሐኪም ዘንድ፣ በገዛ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር አስተርጓሚ ይሆናል። መምህሩ «ልጅህ ይረብሻል» ሲል፣ ልጁ ለአባቱ «ጎበዝ ተማሪ ነው ይላል» ብሎ የሚተረጉምበት ጊዜ አለ። ይህ ሲሰሙት ያስቃል። ውሎ ሲያድር ግን የቤቱ ራስ ማን እንደሆነ ይጠፋል፤ አባት ዝም ይላል፣ ልጅ ይደፍራል፣ እናት በመካከል ትጨነቃለች።

ከተጓዦቹ መካከል አንድ አባት እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸው ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። በወገራ ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ያረሱ፣ ከብት የጠበቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በየዓመቱ ወደ መተማ ቆላ እየወረዱ ሰሊጥ ያጭዱ ነበር። በኋላም ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ከተማ ተቀምጠው ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ዕብራይስጡን አቀላጥፎ ይናገራል፤ አማርኛው ግን እየሸሸው ነው። በዚያ ጠዋት አባቱ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብለው ሲጠይቁት፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «ዳይ፣ አባ» አላቸው። በቃህ ማለት ነው። እሳቸውም ዝም አሉ።

ሊማሊሞን የመሰለ መንገድ

አውቶቡሱ የተነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 6፡30 ነው። በቂርያት ጋት በኩል አድርገን ወደ ደቡብ ስንወርድ የስንዴው ማሳ ለምለም ነበር። ከላሃቪም መገናኛ ወዲያ ወደ አራድ ስንታጠፍ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ የቤዱዊን ፍየሎችና ግመሎች ብቻ እዚያም እዚያም ይታያሉ። ከአራድ በኋላ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። የሁላችንም ጆሮ ተደፈነ፣ ልጆች ጮኹ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «አይዟችሁ፣ ልክ ሊማሊሞ ነው!» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ከደባርቅ ወደ ቆላ የወረደ ሁሉ ያውቀዋልና።

ታች የሚጠብቀን ሙት ባሕር፣ በዕብራይስጥ ያም ሀሜላሕ፣ ከውቅያኖስ ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ የዝቅታ የባሕር ዳርቻ የለም። ወደ ሰሜን ስንዞር ማሳዳ በግራችን፣ ባሕሩ በቀኛችን ሆነ። ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ወደ እሱ ይፈስ የነበረው የዮርዳኖስ ውኃ ለእርሻና ለመጠጥ ስለሚወሰድ፣ ፋብሪካዎችም ማዕድን ለማውጣት ውኃውን ስለሚያተኑት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከመሬት በታች ያለው ጨው በጣፋጭ ውኃ ይሟሟል፤ ላዩም ድንገት ተደርምሶ ጉድጓድ ይሆናል። የዓይን ጌዲ የሕዝብ መዋኛ ዳርቻ በዚህ ምክንያት በ2015 ተዘግቷል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ከተከለለው መንገድ ወጥቶ ወደ ባሕሩ መውረድ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ዝናብ ሳይዘንብ የበቀለ ደን

«ዓይን» በዕብራይስጥ እንደ አማርኛችን የምናይበት ዓይን ነው፤ ምንጭም ማለት ይሆናል። «ጌዲ» ደግሞ የፍየል ግልገል ነው። ዓይን ጌዲ ማለት እንግዲህ የግልገል ምንጭ ማለት ነው። ዳዊት ከንጉሥ ሳኦል ሸሽቶ የተደበቀው በዚሁ ቦታ ዋሻዎች እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል።

በዚህ ስፍራ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በጎንደር ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚዘንብ ስናስብ ይህ ምንም ማለት አይደለም። የከፋን ወይም የሐረናን ጫካ ያየ ሰው ዓይን ጌዲን ጫካ ሲሏት ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን በይሁዳ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ እዚህ ገደል ሥር ይፈልቃል። ዳዊት፣ ዓሩጎት፣ ሹላሚትና ዓይን ጌዲ የሚባሉት አራቱ ምንጮች ባንድነት በዓመት ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይሰጣሉ። ሙቀቱ የቆላ፣ ውኃው የማያቋርጥ ስለሆነ በበረሃው መካከል ደን በቀለ። ስፍራው ከ1971 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሽሙራት ቴቫ ነው።

ደኑ የተሠራባቸው ዛፎች የብዙዎቹ አገራቸው አፍሪካ ነው። ከሊባኖስ ተነስቶ በሙት ባሕርና በቀይ ባሕር አድርጎ፣ አፋርንና የኢትዮጵያን ሐይቆች አቋርጦ እስከ ሞዛምቢክ የሚደርሰውን ስምጥ ሸለቆ ተከትለው ወደ ሰሜን የወጡ ናቸው። የእስራኤል የዕፀዋት ሊቃውንት «የሱዳን ተክሎች» ብለው ይጠሯቸዋል። ይህን ስተረጉም አንድ ሽማግሌ «እንግዲያውስ እነሱም በሱዳን በኩል ነው የገቡት!» ብለው አሳቁን።

ወረቀቴን ያጠፍኩበት ሰዓት

እኔ እንደ ጥሩ አስተማሪ የዛፎቹን ስም በዕብራይስጥ በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። በናሐል ዳዊት መግቢያ ቆሜ «ይህ ሺታ ይባላል» ስል፣ «ግራር ነው እንጂ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አዎን፣ የመገናኛው ድንኳን ሳንቃዎች የተሠሩበት የኦሪቱ ግራር ነው። ቀጥዬ «ይህ ደግሞ ሼዛፍ…» ስል፣ ሁለት ሴቶች ባንድ አፍ «ገባ!» አሉ፤ ሌላዋ «ቁርቁራ ነው የምንለው» አሏቸው። ፍሬው እንደሚበላ፣ በቅጠሉ ፀጉር እንደሚታጠብ ለልጆች ያስረዱ ጀመር። ፕቲላት ሀሚድባር ከሚሉት ሰፊ ቅጠል ተክል ዘንድ ስንደርስ ወረቀቴን ገና ሳልገልጥ ያ የወገራው አባት እጃቸውን ዘርግተው ልጆቹን አገዱ። «ጦቢያው ነው! እንዳትነኩ! ወተቱ ዓይን ያጠፋል!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመጠበቂያ ማስታወሻው በእኔም ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፣ ግን በሦስተኛው ገጽ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቂት እንደሄድን እኚሁ አባት አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሙ። ቅጠሉን አሸተቱ፣ ፈገግ አሉ፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ቀጨም አድርገው ቆረጡና ጫፉን ማኘክ ጀመሩ። ዛፉ አረቦች «አራክ» የሚሉት ሲሆን ለጥርስ መፋቂያ ይሆናል። በመተማ ገበያ የሱዳን ነጋዴዎች በእስር በእስር ሲሸጡት ያውቁታል። ወዲያው የጥበቃው ሠራተኛ መጣ። በሽሙራት ቴቫ ውስጥ ቅጠል መበጠስ እንኳ በሕግ የተከለከለ መሆኑን በዕብራይስጥ ተናገረ። ልጁ ፊቱ ቀላ። «አባ፣ ሁልጊዜ ታሳፍረኛለህ!» አለ በዕብራይስጥ። አባቱ ቃሉን ባይረዱ እንኳ ድምፁን ተረድተዋል። ቅርንጫፏን እንደያዙ ዝም ብለው ቆሙ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በአውቶቡስ ውስጥ ስለ ኮፍያ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻ ስናገር ስለ ቅጠል መቁረጥ አልተናገርኩም። ይህንኑ ለሠራተኛው ነገርኩት። እሱም አልተቆጣም፤ «ለመሆኑ ለምን ቆረጠው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ፣ እንድመልስለት። መተርጎም ሥራዬ ነውና አፌን ልከፍት ነበር። ግን ያዝ አደረግሁትና «አባትህን ጠይቅና አንተ ንገረው» አልኩት።

ልጁ እያፈረ ጠየቀ። አባቱ በጣት ልክ እንደሚቆረጥ፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ቡርሽ እንደሚሆን፣ ጥርስም ድድም እንደሚያጸዳ ቀስ ብለው አስረዱ። ልጁ «መፋቂያ» ለሚለው ቃል ዕብራይስጥ አጥቶ «የእንጨት ሚቭሬሼት ሺናይም» አለ። ሠራተኛው ገባው፤ ቤዱዊኖችም እንደሚጠቀሙበት ነገረንና ሌላ ጥያቄ አመጣ። ስለ ገባው ቅጠል፣ ስለ ጦቢያው ወተት፣ ቆላ ስለሚታጨደው ሰሊጥ እያነሱ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ። ልጁ በየመካከሉ ቃል እየጠፋው «አባ፣ ቆላ ምንድን ነው?» «ማጨድ ማለት ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ አባቱም እጃቸውን እንደ ማጭድ እያወዛወዙ ያሳዩታል። ስንለይ አባት ቅርንጫፏን ዛፏ ሥር አስቀመጧት። «የራሷ ናት» አሉ።

የዋልያ ዘመድና ሽኮኮ

በገደሉ ላይ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ የበረሃ ፍየሎች እየተንጠላጠሉ ይሄዳሉ። በዕብራይስጥ ያኤል ይባላሉ። የስሜን ሰዎች እንዳዩ «ዋልያ!» ብለው ጮኹ። ዋልያ አይደሉም፤ ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ነገር ግን የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 ነው። በዓለም ላይ ብቸኛ የሆነ እንስሳ ከአያቶቻቸው መንደር አጠገብ እንደሚኖር ከልጆቹ አንዳቸውም ሰምተው አያውቁም ነበር።

በድንጋዩ መካከል ፀሐይ የሚሞቁት ሻፋኖች ግን ዘመድ ብቻ አይደሉም፤ የእኛው ሽኮኮ ራሱ ነው። በኦሪት ንጹሕ ካልሆኑት እንስሳት መካከል የተቆጠረው ሽኮኮ ይኸው ነው ሲባል ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከእነሱ የተሰወረ አልነበረም። ከበላያችን የሚበሩት ብርቱካንማ ክንፍ ያላቸው ጥቁር ወፎችም በኢትዮጵያ ገደሎች ላይ ከሚኖሩት ክንፈ ቀይ ጥቁር ወፎች ጋር አንድ ወገን ናቸው።

ውኃውን አትድፉት

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ እንዲይዝ ነግረን ነበር። ፀሐይዋ ከረር ስትል ወንዶቹ ልጆች ጠርሙሳቸው ከበዳቸውና እርስ በርሳቸው ውኃ ይረጫጩ ጀመር። ከእኛ ጋር በ1984 በሱዳን በኩል የገቡ አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። ልጆቹን ጠርተው ግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ እንዲህ ባለ ዛፍ ሥር ውኃ እንዳለቀባቸው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ቀን ቀን ይደበቁ እንደነበር፣ ታናሽ ወንድማቸው ሱዳን ሳይደርስ እንደቀረ ነገሯቸው። «ያን ጊዜ ይህን ያህል ቢኖረን» ብለው የጠርሙሱን ግማሽ በጣታቸው አሳዩ። ሌላ አልጨመሩም።

በዚያ መንገድና በሱዳን ሰፈሮች አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል። መታሰቢያቸው ከ2007 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሞአል፤ በየዓመቱም በ28 ኢያር ይታሰባሉ። አሁን የገቡት ልጆች በአውሮፕላን ስለመጡ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ውኃ የረጨ ልጅ አላየሁም።

ከጥቂት ጉዞ በኋላ በሸምበቆ መካከል አልፈን ከ30 ሜትር በላይ ከሚወርደው የዳዊት ፏፏቴ ደረስን። የዓለቱ ግድግዳ እርጥብ ነው፤ «የሹላሚት ፀጉር» የምትባለው ለስላሳ ቅጠል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥላበታለች። ሴቶቹ በእጃቸው ውኃ ቀድተው ፊታቸውን አበሱ። አንዷ እልልታ ሲያሰሙ ገደሉ መልሶ አስተጋባው፤ ሌሎች ጎብኚዎችም አጨበጨቡ። ቤተ እስራኤል ለመንጻት ሲሉ መንደራቸውን ከወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር። ከአፓርታማ ቧንቧ ሌላ ውኃ ካዩ ለቆዩት እናቶች የዚያ ቀን ደስታ ምን እንደነበር ለመናገር ቃል ያንሰኛል።

ከመመለሳችን በፊት የጥንቱን ምኩራብ አየን። በዚያ በ1970 የተቃጠለ የብራና ጥቅል ተገኝቶ ነበር። እንደ ከሰል ስለነበር ሊገለጥ አልቻለም። በ2015 ግን ሳይገልጡት በኮምፒዩተር አነበቡት፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ሆኖ ተገኘ። አንድ ቄስ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እሳትም አላጠፋውም» አሉ።

ከጉዞው በኋላ

ልጁ በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አላታልላችሁም። ስንመለስ ጆሮው ላይ ሙዚቃውን ሰክቶ ተኝቷል። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ አባቱ ቢሮዬ መጡ። «እታለም፣ ለትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጊልኝ። ልጄ እንደ ልጅ ይቀመጥ፤ እኔም እንደ አባት ልስማ» አሉኝ። ተፈልጎ ተገኘ።

ውድ ወላጆች፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። በትምህርት ቤት ሜጋሽር ካለ ጠይቁ፤ በኩፓት ሖሊምም አማርኛ የሚችል ሰው ይፈለግልን በሉ። ልጅ ዳቦ ሲገዛ ቢተረጉም አይጎዳውም፤ የእናቱን ሕመም፣ የአባቱን ዕዳ፣ የራሱን ጥፋት መተርጎም ግን የልጅ ሸክም አይደለም። ልጆቻችሁንም ከቤት ይዛችኋቸው ውጡ። በቢሮ ውስጥ እነሱ ይመሩናል፤ በሜዳ ላይ ግን የምታውቁትን እናንተ አሳዩአቸው።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር፦

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። በበጋ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ ከመኸር እስከ ፔሳሕ ያለው ጊዜ ይሻላል። የዝናብ ማስጠንቀቂያ ባለበት ቀን አትሂዱ፤ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ መከፈቱን ጠይቁ። ቅጠል አትቁረጡ፣ እንስሳቱን አታብሉ። የናሐል ዳዊት መንገድ መጀመሪያው ክፍል ደልዳላ ስለሆነ አረጋውያንም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱም ይችሉታል።

ዓይን ጌዲ ሩቅ ለሚሆንባችሁ ደግሞ በከተማችን፣ በባሕሩ ዳርቻ ባለው በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ትልልቅ የሾላ ዛፎች አሉ። ነቢዩ አሞጽ ፍሬውን ይለቅም የነበረው ሾላ ነው። የሾላ አገሩ አፍሪካ ነው፤ በጥንት ዘመን በሰው እጅ ወደዚህ መጣ። በአገሩ ፍሬው ውስጥ ገብታ ዘር እንዲይዝ የምታደርግ ትንሽ ተርብ አለች፤ እዚህ እሷ ስለሌለች ዘር አይሰጥም። ቅርንጫፉን ቆርጦ የሚተክልለት ሰው ይፈልጋል። ከተተከለ በኋላ ግን የባሕሩ አሸዋ ግንዱን ቢቀብረው እንኳ፣ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር አውጥቶ ያድጋል።

በሚመጣው ሳምንት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና «ይህ ሾላ ነው» በሏቸው። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።